ወደ ጃማይካ በርሜል ከመላካችሁ በፊት

ከእንግሊዝ ወደ ጃማይካ ዕቃ በበርሜል ልትልኩ ካሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን ያንገበገበኝ እናንተንም እንዳያንገበግባችሁ ነው የምጽፈው። የቀረውን የጉዞ ወሬም ጨምሬበታለሁ፤ ደስ ያለኝም ብዙ ነውና።

እናቴ ኢትዮጵያዊት፣ አባቴ ጃማይካዊ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሻሸመኔ፣ ጃማይካ ሰፈር ነው። አሁን የምኖረው በርሚንግሃም ነው። የአባቴ ወገኖች ያሉት በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ፣ ሴንት ኤልዛቤት በሚባለው አውራጃ፣ ሳንታ ክሩዝ ከተማ አካባቢ ነው። እንደኔ ያላችሁ የሻሸመኔ ልጆች፣ ጃማይካዊ ወይም ጃማይካዊት ያገባችሁ ሁሉ፣ ወሬው ይመለከታችኋል።

ሜሊሳ የተባለችው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ደሴቲቱን በምዕራብ በኩል መታቻት። ደረጃዋ 5 ነበር። ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። የሴንት ኤልዛቤት ዋና ከተማ ብላክ ሪቨር ክፉኛ ተጎዳች። የአክስቴ ቤትም ጣሪያው እኩሌታው ተገንጥሎ ሄደ። ነፍሷን ያተረፈችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው። እኛ በርሚንግሃም ያለን ዘመዶቿ ተዋጥተን ሁለት በርሜል ሞላን። ሸራ፣ የቆርቆሮ ምስማር፣ በፀሐይ የሚሞላ መብራት፣ ሩዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ሳሙና፣ ለልጆቹ ጫማ። ጃማይካ ውስጥ በርሜል ትልቅ ነገር ነው። ውጭ ያለ ልጅ ቤተሰቡን እንዳልረሳ የሚታወቀው በርሜሉ ደጅ ላይ ሲወርድ ነው።

የጭነት ድርጅቱን ስም አልጠራም። «ከቤት እስከ ቤት፣ ሁሉም ነገር ተከፍሏል» ብሎ ነው ገንዘባችንን የተቀበለን። መኪና ልኮ በርሜሎቹን ከደጃችን ወሰደ፣ ደረሰኝ ሰጠ። እስከዚህ ድረስ ምንም አይወጣለትም።

ከዚያ ዝም አለ። ስንደውል «መርከብ ላይ ነው» ይሉናል። ሳምንት ቆይተን ስንደውል ያው መርከብ ነው። እኔ ራሴ ወደ ጃማይካ ሄጄ ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ በርሜሉ ነበር። አክስቴ ማንም አልደወለልኝም አለች። እዚያ ላለው ወኪላቸው ራሴ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ኮምፒውተሩን አየና፣ «በርሜሎቹማ ከገቡ ቆይተዋል። መጋዘን ነው ያሉት። ኪራይ እየቆጠረባችሁ ነው» አለኝ።

ለማን ነው የነገራችሁት አልኩት። ኢሜይል ልከናል አለ። ወደየት ሲባል የነገረኝ አድራሻ የአክስቴ አይደለም። አንድ ፊደል ተሳስቷል። ደረሰኛችን ላይ ግን ትክክለኛው አድራሻ ከነስልክ ቁጥሯ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ለመደወል እንኳ አልሞከሩም።

አክስቴ በጠዋት ከሳንታ ክሩዝ ተነስታ መጣች። ተቀባይዋ እሷ ስለሆነች ያለሷ አይሆንም። የመጋዘኑ መጠበቂያ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዳስ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ቬንትሌተር፣ ሦስት መስኮት። የመጀመሪያው መስኮት ወረቀት ያያል፣ ሁለተኛው ሒሳብ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ዕቃ ያወጣል። በመሀል ሲስተሙ ይቋረጣል። ሲስተሙ ሲመለስ ሒሳብ ተቀባይዋ ምሳ ወጥታለች። አጠገባችን የተቀመጡት እናት ከፖርትሞር የመጡ ነበሩ። ከቦርሳቸው ቡን በቺዝ አውጥተው ቆርሰው ሰጡን። ቡን በቅመም የተጋገረ ጠቆር ያለ ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ በመሀሉ ቢጫ አይብ ይገባል። ያን ቀን የበላነው እሱን ብቻ ነው።

የጉምሩኩን ነገር ብዙ ሰው ይፈራል። እኛ ግን እዚያ ጋ አልተንገላታንም። አክስቴ መታወቂያዋንና ቲአርኤን የሚባለውን የግብር ከፋይ ቁጥሯን ይዛለች፤ እኛ አገር ቲን እንደምንለው ማለት ነው። ያለሱ በርሜል አይወጣም። ፈታሿ በርሜሎቹን አስከፈተች፣ ከዝርዝሩ ጋር አስተያየች፣ ለራስ መገልገያ መሆኑን ጠየቀች፣ ተመነች። የከፈልነው እያንዳንዱ ሳንቲም ደረሰኝ ላይ አለ።

ያቃጠለኝ የወኪሉ ሒሳብ ነው። የማራገፊያ አለው፣ የሰነድ ክፍያ አለው፣ የመጋዘን ኪራይ አለው። ኪራዩ የሚቆጠረው መርከቡ ከደረሰ ጀምሮ ነው እንጂ ለእኛ ከተነገረን ጀምሮ አይደለም። ለነገሩ እስከዚያ ቀን ድረስ አልተነገረንም። ሁሉም ተከፍሏል ተብለናል እኮ ስል፣ «እሱ የእንግሊዙ ነው፣ ይሄ የኪንግስተን ነው» አለችኝ ሒሳብ ተቀባይዋ። ከቤት እስከ ቤትስ? እሱም የሚሠራው ለኪንግስተንና ለአካባቢዋ ነው፤ ሴንት ኤልዛቤት ሌላ መኪና፣ ሌላ ሒሳብ። ይህን በርሚንግሃም ያለው ሰውዬ ሳንታ ክሩዝ የሚለውን አድራሻ በገዛ እጁ ሲጽፍ አልነገረንም። ሁሉም ሲደመር ለማጓጓዣ እንግሊዝ ከከፈልነው በለጠ። ከውስጡ ካለው ዕቃም ብዙ አይርቅም።

ኃላፊውን አስጠራሁ። መጡና በትሕትና ሰሙኝ። የተሳሳተውን ኢሜይል አሳየኋቸው። «ልክ ነሽ፣ ግን ሲስተሙ ኪራዩን አይሰርዝልኝም» አሉኝ። ልክ መሆኔ ምን ጠቀመኝ? ዛሬ ካላወጣን የነገ ኪራይ ይጨመራል። አክስቴ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ተይው ልጄ፣ ክፈያቸውና እንሂድ» አለች። ከፈልኩ።

በርሜሎቹ በፎርክሊፍት ወጡ። የአንዱ ክዳን ማሰሪያ ብረት የለም። በቦታው ቡናማ ፕላስተር ተጠምጥሟል። ከመብራቶቹ የተወሰኑት ጠፍተዋል። ኪንግስተን ያሉት ከእንግሊዝ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው ይላሉ፤ የእንግሊዞቹ እኛ ስንጭነው ደህና ነበር ይላሉ። በርሚንግሃም የአሥር ፓውንድ ጥቅል እንኳ በሚመጣበት ቀን በስልኬ ላይ የት እንደደረሰ አየዋለሁ። ሻሸመኔ ቢሆን ደግሞ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ገብቶ ይገላግለኝ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሁለቱም ናፈቁኝ። የአባቴ አገር ውስጥ ተቀምጬ ባይተዋርነት ተሰማኝ፣ ይሄ ነው የከፋኝ።

ስለዚህ ልትልኩ ከሆነ፣ እስከ ተቀባዩ ደጅ ድረስ ያለው ጠቅላላ ሒሳብ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። አውራጃው በስም ይጠቀስ። የመጋዘን ኪራይ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠርና ለተቀባዩ ማን እንደሚደውል አስጽፉ። ካላስጻፋችሁ አልተባለም። የዕቃውን ዝርዝር ኮፒ አስቀሩ። ክዳኑ ከተቆለፈ በኋላ ፎቶ አንሱ። ተቀባዩ ቲአርኤን ከሌለው በርሜሉ ከመነሳቱ በፊት ያውጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለቤት መሥሪያ የሚሆነውን በገንዘብ ላኩ። ቆርቆሮም ምስማርም ሸራም ማንደቪልና ሳንታ ክሩዝ ባሉት የሕንጻ መሣሪያ መደብሮች ይሸጣል። የጎደለውን ቆርቆሮ አክስቴ የገዛችው ከዚያው ነው። በርሜሉን ለልብስና ለጫማ ተዉት። ባዶዎቹን በርሜሎች አሁን ከጣሪያዋ አሸንዳ ሥር አቁማቸዋለች። ደቡብ ሴንት ኤልዛቤት ደረቅ አገር ስለሆነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የሌለው ቤት የለም።

ወደ ሌላው ልለፍ።

ከኪንግስተን ወደ ማንደቪል የሄድኩት በናትስፎርድ ኤክስፕረስ አውቶቡስ ነው። ይህን በስሙ የምጠራው ስለሚገባው ነው። ቲኬቱ በኢንተርኔት ይቆረጣል፣ በሰዓቱ ይነሳል፣ ንጹህ ነው። ቅዝቃዜው ግን የጉድ ነው፣ ሹራብ ያዙ። መንገዱም ተለውጧል። ከሜይ ፔን እስከ ዊሊያምስፊልድ ያለው የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ከተከፈተ ወዲህ ያ ጠመዝማዛ አቀበት ቀርቷል። ጊዜ ካላችሁ ግን አንድ ቀን በአሮጌው መንገድ በሜልሮዝ ሂል በኩል ሂዱ። በከሰል የተጠበሰ ቢጫ ያም የሚባል የሥር ምግብ ከጨው ዓሣ ጋር ይሸጣል። ያሙን ከእሳት አውጥተው ጥቁሩን ቅርፊት በቢላ ይፍቁታል፣ ለሁለት ይሰነጥቁና ቅቤ ይቀቡታል። በእጅ አይያዝም፣ ያቃጥላል። አዲሱ መንገድ ሻጮቹን ገበያ አሳጥቷቸዋልና ሄዳችሁ ግዙ።

ከማንደቪል ወዲያ ሩት ታክሲ የሚሉት፣ በመስመር የሚሠራ የጋራ ታክሲ ነው። ሰሌዳው ቀይ የሆነውን ብቻ ተሳፈሩ፤ ፈቃድ ያለው እሱ ነው። እንደኛው ውይይት ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ከሞላ በኋላም አንድ ሰው ይጨምራል። ዋጋው የታወቀ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት አጠገባችሁ የቆመውን ተሳፋሪ ጠይቁ። አንዱ ሾፌር የትውልድ አገሬን ሲሰማ ሙዚቃውን ቀነሰ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ እናቱ ልጅ ሆና ከሕዝቡ መሀል እንደነበረች ነገረኝ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ጃንሆይ አይደለም። «ሻሸመኔ መሬቱ ምን ያበቅላል?» አለኝ። ገበሬ ነው ለካ። በቆሎና ድንች አልኩት። ያም ይሆን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እስክወርድ ስለ አፈር አወራን። ባይተዋርነቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው።

ዋጋ ሲነገራችሁ የየትኛው አገር ዶላር እንደሆነ ጠይቁ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ገደማ ነው፤ ቱሪስት የሚበዛበት ቦታ ዝም ብለው ቁጥሩን ብቻ ነው የሚነግሯችሁ። ገንዘብ ካምቢዮ በሚሉት የምንዛሪ ቤት ቀይሩ፣ ከኤርፖርቱ ይሻላል። መብራቱ 110 ቮልት ነው። ከእንግሊዝም ከኢትዮጵያም የመጣ ዕቃ የማይሠራበት አለ፣ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የመግቢያ ፎርሙን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ሙሉት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አትጨነቁ። የራስታዎችን ምግብ ቤት ፈልጉና አይታል በሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ምስርና ባቄላ፣ ጎመን፣ ያም፣ የተጠበሰ ፕላንቴን (ለማብሰያ የሚሆን የሙዝ ዓይነት) ነው። አንዳንዶቹ ጨውም ስለማይጨምሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስኮች ቦኔት የሚሉት ቃሪያ ከሚጥሚጣ አያንስም። ፍስክ ለሆነ ሰው ደግሞ ሴንት ኤልዛቤት ውስጥ ሚድል ኳርተርስ በሚባለው ቦታ መንገድ ዳር በላስቲክ የሚሸጠው በርበሬ ያለበት ሽሪምፕ አለ፤ ጣት ያስልሳል።

ቡና ስትገዙ ማሸጊያውን እዩ። ብሉ ማውንቴን ብሌንድ የሚለው የተደባለቀ ነው። መቶ በመቶ የሚለውን ፈልጉ፣ ውድ ነው። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ እንደ ይርጋ ጨፌ ሽታው ቤቱን አይሞላም። እኔ የእኛን እመርጣለሁ።

እሑድ ኪንግስተን ከሆናችሁ ማክስፊልድ አቬኑ ያለችውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። ቤተ ክርስቲያናችን በጃማይካ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ነጠላ የለበሱ ጃማይካውያን እናቶች በግዕዝ ሲያዜሙ ስሰማ እንባዬ መጣ። ነጠላዬን ይዤ በመሄዴ ደስ ብሎኛል፤ እናንተም ያዙ።

ለጭነት ድርጅቱ ደረሰኞቹን፣ የተሳሳተውን ኢሜይልና ማሰሪያው የጠፋውን ክዳን ፎቶ አያይዤ ቅሬታ ልኬያለሁ። የጠየቅኩት የመጋዘኑ ኪራይና የጠፉት መብራቶች ዋጋ እንዲመለስ ነው። እስካሁን መልስ የለም። ካልመለሱ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፣ አብረን ብንከስ ይሻላል።