ማርያም ግንብ (ጎርጎራ)፦ ለጎብኚ ምን አለው፣ ምን ይጎድለዋል?

ጎርጎራ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሞ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ዓሣ በልቶ ይመለሳል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጣና ውስጥ በገባው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለውን ማርያም ግንብን ሳያይ መመለሱ ግን ያስቆጫል። ቦታው የሚሲዮናውያን ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ግቢ ፍርስራሽ ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ አገር በኖራ ግንብ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ በቅርብ አያገኝም።

አንዳንድ አስጎብኚዎች «ፖርቹጋሎች ሠሩት» ብለው ያልፉታል። አገላለጹ ከነጭራሹ ስህተት ባይሆንም ይጎድለዋል። ሚሲዮናውያኑ ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባላት ነበሩ፤ ዋነኛቸው ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ ነበር፤ እዚሁ ጎርጎራ እ.ኤ.አ. በ1622 ሞተ። ቦታውን የሰጧቸው አፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ናቸው። ካቶሊክነትን ተቀብለው አገሩ በጦርነት ከታመሰ በኋላ በ1632 የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን መልሰው ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። ቅኝ ግዛት እዚህ አልነበረም። ግንቡ የቆመው በንጉሥ ፈቃድ፣ በአገሬው ጉልበትና ድንጋይ ነው። ይህን ሳይናገር የሚያስጎበኝ ሰው ግማሹን ታሪክ ይደብቃል።

ከደረሱ በኋላ ወደ መሠዊያው በኩል ያለውን ግድግዳ በቅርብ ይመልከቱ። ጥርብ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦች እጅግ የተጠነቀቁ ናቸው። ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ስለሆነ ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ ቀትር ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል፣ ፎቶውም አይወጣም። ከዚያ ዓይንዎን በድንጋዮቹ መካከል ወዳለው ነጭ ማያያዣ ይመልሱ። ይህ ኖራ ነው። በጣት ሲነኩት ዱቄት የሚተው ከሆነ ዝናብ እያጠበው ነው ማለት ስለሆነ ከሥሩ አይቁሙ። በተለይ ክረምት እንደወጣ ከቅስት በታች መቆም አደገኛ ነው፤ ድንጋዩ ሳይታሰብ ይለቃል።

ሌላው የግንቡ ጠላት ሾላና ዋርካ ነው። ወፍ የጣለው ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል፣ ሥሩ እየወፈረ ግድግዳውን ይከፍለዋል። ለመልካም አስበው ቡቃያውን የሚነቅሉ ጎብኚዎች አሉ፤ እባክዎ አይንቀሉ። ሥሩ ሲወጣ የታቀፈውን ኖራና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። መቆረጥና መድረቅ ያለበት ቀስ በቀስ፣ በባለሙያ ነው። በሲሚንቶ መጠገንም መፍትሔ አይደለም። ሲሚንቶ ከኖራ ስለሚጠነክር እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ድንጋዩም ከጎኑ ይፈረካከሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን በሲሚንቶ ጠግኖት፣ በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ እየተነሣ በኖራ መተካት ነበረበት። ማርያም ግንብም ጥገና ሲታሰብለት ይህ ትምህርት ይቅደም።

ጣሊያንን ካነሣን፣ በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ጎርጎራን ወደብ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያቆመው ሐውልት ዛሬም አለ። ወደ ላይ መውጣቱ የሚክሰው ለሐውልቱ ሳይሆን ለሐይቁ እይታ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከጎንደር በቆላድባና በጯሂት በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደምቢያ መረሬ (ጥቁር አፈር) ሲረጥብ ጎማ ይይዛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዋናው መንገድ ውጭ በትንሽ መኪና አይሞክሩት። ከባሕር ዳር በጀልባ መምጣት ቆንጆ ነው፤ ግን ማልዶ መነሣት ግድ ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋው የጀልባው ይሁን የነፍስ ወከፍ፣ ነዳጁን ያካትት እንደሆነ፣ ግንቡ ጋ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅዎ በግልጽ ይስማሙ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት ከሌለ አይሳፈሩ። በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ያጋጥማል። ቅጠሉ ፕሮፔለሩ ላይ ከመጠምጠሙም በላይ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግልና ይቆማል። ልምድ ያለው ባለጀልባ ዳርቻው ሲቀርብ ሞተሩን አንሥቶ በቀዘፋ ይገባል። በጉዞው ደቅ ደሴት ላይ ያለውን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መጨመር ይቻላል፣ ሴቶችም ይገባሉ። የደሴት ገዳማቱ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ግን ለወንድ ብቻ ናቸው፤ ቤተሰብ ይዘው ከሆነ ይህን አስቀድመው ይወቁ።

ደብረ ሲናን ከማርያም ግንብ ቀጥለው ቢያዩት ይሻላል፤ የድንጋዩና የሣር ክዳኑ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቹን የአፄ ፋሲለደስ እህት መለኮታዊት እንዳሠራቻቸው ይነገራል። እርሷም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች፤ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ቅዳሴ ሲወጣ ይግቡ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ነጠላ ይያዙ። ፍላሽ አያብሩ፤ ትንሽ ባትሪ ከጎን ቢያበሩ ቀለሙ የተላጠበትንና ዝናብ ያፈሰሰበትን ቦታ ሁሉ ያሳይዎታል። የመግቢያ ክፍያውን ለደብሩ ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ለሚያስረዳዎት ካህን የሚሰጡት ከዚያ የተለየ ነው።