ቀኝ ደረቴን ላስተካከሉልኝ ሐኪምና ለሲስተር፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ይህን ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ስለ ደረቴ በአደባባይ ማውራት አልለመድኩም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳላመሰግን ብቀር ግን ህሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ደግሞም እንደ እኔ ተደብቆ የሚኖር ወንድም የት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ቀኝ ደረቴ ከልደቴ ጀምሮ ጠፍጣፋ ነው። በልጅነቴ ማንም ልብ አላለውም። ጎረምሳ ስሆን ግራው ሞላ፣ ቀኙ እንደነበረ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ በሙሉ ሰፊ ሸሚዝ ነው፤ የቦርሳዬ ማንገቻም ሁልጊዜ በቀኝ በኩል፣ ደረቴን እንዲሸፍንልኝ። ጂም ገብቼ ሦስት ዓመት ለፋሁ። ግራው ፈረጠመ፣ ልዩነቱ ጭራሽ ባሰ። የሌለ ጡንቻ በስፖርት እንደማይመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኢምፕላንት የሚባለውን፣ በኦፕራሲዮን ደረት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ መሙያ ለማስገባት በመጀመሪያ ያማከርኩት ቦታ (ስሙ ይቅር) ሸሚዜን እንኳ ሳያስወልቁኝ የስፖርተኞች ፎቶ ደርድረው «የትኛው ዓይነት ይሁንልህ?» አሉኝ። ዛሬውኑ ካልከፈልክ ቀጠሮው ያልፍሃል ብለው ሲያጣድፉኝ ፈርቼ ወጣሁ። ለሁለት ዓመት ነገሩን ተውኩት።

ዶክተርን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሸሚዜን አስወልቀው «እጆችህን ወገብህ ላይ አድርገህ ወደ ውስጥ ጫን» አሉኝ። በግራ በኩል ጡንቻው ተወጠረ፤ በቀኝ በኩል ምንም የለም። ከብብት ፊት ለፊት የምትገኘውን እጥፋት በሁለት ጣታቸው ያዙና ቀኙ ላይ እንደሌለች አሳዩኝ። ቀጥለው ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ፤ ችግሩ አንዳንዴ እጅንና የጎድን አጥንትንም ስለሚነካ ነው። ከልደት የደረት ጡንቻ ሲጎድል ፖላንድ ሲንድረም ይባላል አሉኝ። ከአገሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1841 በአስከሬን ላይ አይቶ ከጻፈው አልፍሬድ ፖላንድ ከተባለ እንግሊዛዊ የሕክምና ተማሪ የመጣ ስም ነው። በወንዶች ላይ ይበዛል፣ በቀኝ በኩልም ይበዛል። ያን ቀን ለበሽታዬ ስም ስላገኘሁ ብቻ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለማይሆነው ነገር ስለነገሩኝ ነው። ናሙና ኢምፕላንት እጄ ላይ አስቀመጡና «በአውራ ጣትህ ጫነው» አሉኝ። እንደ ለስላሳ ጎማ ነው፤ ድፍን ሲሊከን ስለሆነ ውስጡ የሚፈስ ነገር የለውም። ሴቶች ጡት ላይ ከሚገባው ጄል ካለው ጋር አንድ እንዳይመስልህ አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ጡንቻው ላለው ሰው ከጡንቻው ሥር እናስገባዋለን፣ ጡንቻው ይሸፍነዋል። አንተ ጋ የሚሸፍነው ቆዳህ ነው። ጠርዙ በጣት ሲነካ ሊታወቅ ይችላል። ጉልበትም አይሰጥህም፤ የሚሰጥህ ቅርጽ ነው። የብብትህን እጥፋት እንደ ግራው አደርገዋለሁ ብዬ አልዋሽህም።» ከሌላ የሰውነት ክፍል ስብ ወስዶ መሙላት እንደሚቻልም አስረዱኝ፤ ቀጭን ስለሆንኩ ለእኔ የሚበቃ ስብ አልተገኘም። እኔ ትልቁን መጠን ፈልጌ ነበር። እምቢ አሉኝ፤ ቆዳዬ አይችለውም። ሲቲ ስካን ተነስቼ በልኬ የተሠራ፣ ጠርዙ የሳሳ ኢምፕላንት ተዘጋጀልኝ።

ኦፕራሲዮኑ ዕለት ቆሜ ሳለሁ በእስክሪብቶ ደረቴ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ተኝቼ ከሆነ ቅርጹ ይለወጣል። ሙሉ ሰመመን ተሰጠኝ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። የተቀደደው ብብቴ ውስጥ ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ዛሬ ክንዴን ካላነሳሁ አይታይም።

ስለ ሲስተር ምን ብዬ ልጻፍ? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደረቴን የሚያጠብቀውን ቬስት እንዴት እንደሚታሰር ለወንድሜ አራት ጊዜ አስፈትታ አሳስራዋለች፣ «ጣትህ በሥሩ ካላለፈ ጠብቋል» እያለች። ክንዴን ከትከሻ በላይ እንዳላነሳ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ እሷ ናት። ስፈራ አይታኝ «ወንድሜ፣ ቬስቱ የሚወልቅ ቀን ልክህ የሆነ ቲሸርት ትገዛለህ፣ ሰፊ አይደለም» አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን ማታ ደረቴ አበጠ። ስጫነው እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ደወልኩ፣ ዶክተር ራሳቸው አነሱ። ትኩሳት አለህ? ቀልቷል? ብለው ጠይቀው በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። ፈሳሽ ቋጥሮ ነበር። በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ ቀዱት፤ ሁለተኛ አልተመለሰም። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም ማለት ባልችልም፣ ተታለልኩ አላልኩም። ማመርቀዝ፣ ደም መቋጠር፣ ኢምፕላንቱ ከቦታው መንሸራተት፣ ዙሪያው ጠባሳ ሆኖ መጠንከር፣ የክንድ ውስጠኛ ክፍል መደንዘዝ፣ ሁሉንም ከመፈረሜ በፊት አንብበውልኛል። የእኔ ክንድ ሦስት ወር ደንዝዞ ነበር፤ አሁን ለቆኛል።

ይህን ሕክምና የምታስቡ ወንድሞች፣ እንደ እኔ ከልደት ጎድሏችሁም ይሁን ጡንቻው እያላችሁ ቅርጹን ብቻ ፈልጋችሁ፣ ሸሚዝ ሳያስወልቅ መጠን የሚያስመርጥ ሰው ጋ አትቆዩ። ፕላስቲክ ሰርጀን መሆኑን፣ ይህን ኦፕራሲዮን በወንድ ደረት ላይ ስንቴ እንደሠራ፣ ሌሊት ችግር ቢመጣ ስልኩን ማን እንደሚያነሳ ጠይቁ። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ተዉት፤ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል።

ዶክተር ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጻፍኩትም። ከልቡ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ በደስታ እናገራለሁ።

ጠርዙ ዛሬም በጣት ሲነካ ይታወቃል፣ ልክ እንዳሉኝ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ሲስተር፣ ቲሸርቱን ገዝቻለሁ፤ ልኬ ነው። ቦርሳዬንም በግራ ማንገት ጀምሬያለሁ።