ተዘግቶ የኖረ የሱቅ ረድፍ ዳግም ሲከፈት፦ የደንበኛ አስተያየት ከባሕር ዳር መሐል ከተማ

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ዋናው ገበያ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ የሚገኘውና ላሜራ በሮቹ ለዓመታት ተከርችመው የቆዩት የሱቅ ረድፍ አሁን የጋራ መሸጫ ሆኖ እየሠራ ነው። አገልግል፣ የዘጌ ቡና፣ የልብስ ስፌትና የሞባይል ጥገና በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኙበታል። እኔ ለአገልግሉና ለቡናው ያለማመንታት የምመለስበት ቤት ሲሆን፣ ለስፌቱ ግን የምሄደው ካልቸኮልኩ ብቻ ነው።

ክፍሎቹ ቀድሞ ለጎብኚዎች የባህል ዕቃ ይሸጥባቸው ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ የጣና ገዳማትንና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ቀረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተባባሰው ግጭት ደግሞ ማንሠራራት ጀምሮ የነበረውን ገበያ መልሶ ጣለው። ይህ ግን ሱቆቹ ለምን እንደተዘጉ እንጂ ለምን ያን ያህል ጊዜ ተዘግተው እንደቆዩ አያስረዳም። ለዚህኛው ተጠያቂው የኪራዩ አሠራር ይመስለኛል። አከራይ የሙሉውን ክፍል ኪራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ይጠይቃል፣ ደላላውም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል፤ አዲስ ነጋዴ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ቢኖረው ዕቃ ያስገባበት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ስለሆነ የሱቅ ኪራይን አልነካውም።

አጠገቡ ያለው የቀበሌ ቤት ዛሬም እንደተቆለፈ ነው፤ የእርሱ ችግር ግን ተቃራኒው ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች መካከል ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ እንዲተዳደሩ መደረጉ ይታወቃል። እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚከፈለው ኪራይ አነስተኛ በመሆኑ ተከራዩ የማይነግድበትን ክፍል የዕቃ ማስቀመጫ አድርጎ ቢይዘው አይጎዳውም፣ ቢለቀው ግን ተመሳሳይ ቦታ ዳግም አያገኝም። አንዱን በር የኪራይ መናር፣ ሌላውን የኪራይ ማነስ ቆልፎታል ማለት ነው።

የዚህኛው ረድፍ ባለቤት ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ክፍሎቹን በኮምፔንሳቶ ከፋፍለው እያንዳንዱን ስፍራ በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ሰጥተዋል። ከእያንዳንዱ ተከራይ ጋር የተለየ ውል ስላሰሩ ሁሉም የየራሱን ንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ይህ ለደንበኛም ይጠቅማል፤ ቅሬታ ያለው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። በአንጻሩ ፊት ለፊቱን ለማስዋብ የወጣው ወጪ ኢምንት ነው፤ በሮቹ ላይ የቀድሞው ቀለም እንደተላጠ ይታያል፣ ያም ሆኖ ገዢ አልሸሸም።

አገልግል የሚሸጡት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ከደረደሯቸው መካከል አንዱን አንሥቼ «እማማ፣ የዚህኛው ክዳን አይላላም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ጠፍሩን ፍታና በክዳኑ ይዘህ አንሣው» አሉኝ። አነሣሁት፤ ሣር ከሣር ተናክሶ ኖሮ ሙዳዩ አብሮ ተነሣ። ስፌቱ ከውስጥም ከውጭም ጥብቅ ነው፣ የፍየል ቆዳውም ጥግ ጥጉ ላይ ሳይሸበሸብ ተወጥሮ ተለብጧል። ከትንንሾቹ መካከል የአንዱ ቆዳ በደንብ ያልለፋ በመሆኑ ሽታው ገና አልወጣም ነበር፤ ሻጯ ራሳቸው «ይሄን ተወው፣ ንፋስ ይምታው» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ሻጭ የራሱን ዕቃ ሲነቅፍ መስማት በከተማችን የተለመደ አይደለም። ዋጋውም በገበያው ከሚጠየቀው ብዙም አይርቅም፣ ክርክርም አያስፈልገውም።

ቡናው ከዘጌ ደን የመጣ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያደገ ነው። ጥሬውን ዘርግተው ስለሚያሳዩ የተሰበረውንና የነቀዘውን ለይቶ መግዛት ይቻላል። ተቆልቶና ተፈጭቶ የታሸገውን ግን አልመክርም፤ መቼ እንደተቆላ የሚገልጽ ምንም ነገር አልተጻፈበትም። ጥዋት ጥዋት እዚያው ስለሚቆሉ ጢሱ በኮምፔንሳቶው አናት አልፎ ወደ ልብስ ሰፊው ይገባል፣ ያሳጠርኩት ሱሪም ቤት ድረስ ቡና ቡና ሸቶኛል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ካለ ይቁጠረው።

ስፌቱ ራሱ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ መብራት ነው። ረድፉ በሙሉ በአንድ ባለካርድ ቆጣሪ ስለሚጠቀም ካርዱ ባለቀ ቁጥር ማን ይሙላ የሚለው ንግግር ይጀመራል፣ እስኪሞላም ድረስ የሰፊው ካውያና የጥገና ባለሙያው መሣሪያ ሥራ ፈትተው ይቆያሉ። የእኔ ሱሪ ከተቀጠረበት ቀን ያለፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ለየተከራዩ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከባድ ወጪ ስላልሆነ ባለቤቱ ሊያስቡበት ይገባል። ከዚህ ሌላ መጸዳጃ ቤት የለውም፣ የመግቢያው ደረጃም ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ከፍ ይላል፤ ሻጯ እናት ራሳቸው በሩን ተደግፈው ነው የሚወጡት።

ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ። ደረሰኝ ግን ካልጠየቁ አይሰጥም፤ ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ማንሣት አለበት። የሞባይል ጥገናውን አልሞከርኩትም። ለበዓል አገልግል የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ መጠኑን ነግሮ ቀብድ ቢከፍል ይሻለዋል፤ ትልልቆቹ ተሠርተው አይቀመጡም።