የታደሰው የትያትር አዳራሽ፦ ጣውላው፣ እብነ በረዱና መብራቱ

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ የግል አዳራሽ ከውጭ ሲታይ እንደ ብዙዎቹ አዳዲስ ሕንጻዎቻችን በመስታወትና በአልሙኒየም የተሸፈነ ነው። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት የነደፈውና በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ብሔራዊ ትያትር በአቅራቢያው ቆሞ ሳለ፣ ስለዚህ ገጽታ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የእድሳቱ ዋጋ የሚታየው ከውስጥ ነው። የግራና የቀኝ ግድግዳዎቹ ወጣ ገባ ተደርጎ በተሠራ ጣውላ ስለተለበጡ ድምፅን በትነው ወደ ታዳሚው ይመልሳሉ፤ የኋላው ግድግዳ ደግሞ ወፍራም ጨርቅ ስለለበሰ የገደል ማሚቶ አይፈጠርም። በዚህም ምክንያት የማሲንቆ ድምፅ ያለ ማጉያ እስከ መጨረሻው ረድፍ በጥራት ይደርሳል።

ከሁሉ የላቀው ግን የመድረኩ መብራት ነው። እስክስታ ከፊት ለፊት ብቻ ሲበራበት የትከሻው እንቅስቃሴ ጥላ አጥቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ነጩ የሀገር ልብስም ብርሃኑን አንጸባርቆ የተወዛዋዡን ፊት ያደበዝዛል። እዚህ ዋናው ብርሃን ከግራና ከቀኝ፣ በትከሻ ከፍታ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ንቅናቄ ጎልቶ ይታያል፤ የጥበቡ ቀለም እንኳ አይጠፋም። የመብራት ባለሙያው ውዝዋዜውን የሚያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

በመተላለፊያው ላይ ግን ቅር ተሰኝቻለሁ። የተወለወለው እብነ በረድ ከላይ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ነጭ ብርሃን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል። የብርሃኑ ኃይል ቢቀነስና አምፖሎቹ ብርሃን በሚበትን ሽፋን ቢሸፈኑ ችግሩ በእጅጉ ይቀል ነበር። የሰገነቱ ደረጃም ጠርዙ ላይ መብራት ስለሌለው፣ አረጋውያንን ይዞ የሚመጣ ሰው ከታች ያለውን መቀመጫ ቢመርጥ ይሻለዋል።