ድንገት ለሚጠፋ ኮምፒውተር «ቦርድ ቅያሪ» ከመክፈላችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ በቤታችሁ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ሁሉ ከዚህ በታች የምገልጸውን ስምምነት እንዳትቀበሉ ለማስጠንቀቅ ነው ይህን የምጽፈው። ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ወይም ራሱን ሪስታርት ሲያደርግ ወደ ጥገና ሱቅ ይወሰዳል። እዚያም «ቦርዱ (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ) ተቃጥሏል፤ አሮጌውን እዚሁ ትተው ልዩነቱን ብቻ ከፍለው በሌላ እንቀይርልዎ» ይባላል። አሮጌው ዕቃ ስለሚታሰብ ዋጋው ርካሽ ይመስላል። ፓወር ሰፕላዩ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች በሚስማማ ቮልት የሚያከፋፍለው ሳጥን) በሥራ ጫና ላይ ሳይለካ ይህን መቀበል ግን ገንዘብንም ደህና ዕቃንም አሳልፎ መስጠት ነው።

እኅቴ በቤቷ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ኮምፒውተር ጽሑፍ ሲጻፍበትም ሆነ ፊልም ሲታይበት ምንም አይሆንም ነበር፤ የተቀናበረውን ቪዲዮ ማውጣት ስትጀምር ግን ይጠፋል። የሱቁን ስም አልጠቅስም። ባለሙያው መጀመሪያ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት አደረገው፤ ችግሩ ሲመለስ «ቦርድ ነው» ብሎ ማዘርቦርዱን ቀየረው። አዲስ የተባለው ቦርድ ከገባ በኋላም ኮምፒውተሩ እዚያው ሥራ ላይ እንደ ቀድሞው ይጠፋ ነበር። በመጨረሻ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚያውቅ አንድ የሰፈር ልጅ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዞ መጣ፤ ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጣው ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ ላይ አንዱን ጫፍ በጥቁሩ፣ ሌላውን በቢጫው ሽቦ በኩል አስገብቶ ቪዲዮው እንዲወጣ አዘዘ። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ 12 ቮልት ያሳይ የነበረው ንባብ ወዲያው ከ11.4 በታች ወረደ፤ ማሽኑም ጠፋ። የቢጫው ሽቦ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ የቀዩ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ውስጥ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ሲወጣ የየትኛውም ቦርድ ሥራ ይታወካል።

የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን አውጥተን ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስናነብ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ሆነ። በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ባለው ሠንጠረዥ በደቃቅ ፊደል የ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፔር ብቻ እንደሚሰጥ ሰፍሯል። 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በአብዛኛው የሚቀለቡት ከዚህ መስመር ነው፤ የእኅቴ ካርድ 120 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ 65 ዋት የተመደበላቸው ስለሆኑ ሁለቱ ብቻ 185 ይሞላሉ፣ ሃርድ ዲስኩና ፋኖቹ ገና ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ተዉትና የ12 ቮልቱን አምፔር አይታችሁ አባዙ። በእጅ ሲያነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልለውንም ተጠራጠሩት። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ግን አትፍቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

የፓወር ሰፕላዩ ነገር ከታወቀ በኋላ ሱቁ የድሮውን ቦርድ እንዲመልስ ጠየቅን። የተሰጠን መልስ «ተሸጧል» የሚል ነበር። ተቃጥሏል የተባለ ቦርድ ማን እንደ ገዛው አንባቢ ይፍረድ። ሆን ተብሎ ይሁን ባለማወቅ ለከፋዩ ልዩነት የለውም፤ ቦርዱን በሁለተኛ እጅ የገዛውም ሰው ያው ሸማች ነው።

ከቦርዱ ይልቅ እኔን የሚያስቆጨኝ ግን ፎርማቱ ነው። ዊንዶውስ ብልሽቶችን «ኢቨንት ቪወር» በተባለው ፕሮግራም በሚታይ መዝገብ ውስጥ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ከጠፋ በሚቀጥለው ሲበራ «ከርነል ፓወር» በሚል ስም ቁጥር 41 ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምክንያቱን አይናገርም፤ አንዳንድ ባለሙያዎች «41 ማለት ፓወር ነው» ሲሉ ብትሰሙ አትቀበሉ። ዝርዝሩ ሲከፈት ግን «በግቼክ ኮድ» (የስሕተቱ መለያ ቁጥር) ከሚለው ፊት ዜሮ ከተጻፈ ዊንዶውስ ስሕተት ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ስለሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ወደ ሙቀት ያዘነብላል። ሌላ ቁጥር ካለ ሰማያዊው ስክሪን (ዊንዶውስ በስሕተት ሲቆም የሚያሳየው ገጽ) ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ዊንዶውስ ካልተነገረው በቀር ሰማያዊው ስክሪን እንደታየ ራሱን ሪስታርት ስለሚያደርግ፣ ብዙ ሰው መልእክቱን ሳያይ «መብራት እንደሄደበት ጠፋ» ይላል። በሲስተም ቅንብር ውስጥ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው ሥር ራስ-ሰር ሪስታርቱን ብታጠፉት መልእክቱ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ምርመራ ሳይደረግ የሚደረግ ፎርማት ይህን መዝገብ በሙሉ ጠርጎ ያጠፋል፤ ሱቁ ገንዘብ የሚቀበለው ማስረጃውን አጥፍቶ ነው።

በሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚጻፈው የስሕተቱ ስም በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጠርጥሩ። ዊንዶውስ የራሱ የራም መፈተሻ ስላለው ቤታችሁ ሆናችሁ ያለ ምንም ወጪ ማስኬድ ትችላላችሁ። ሁለት ራም ካለም ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ አንዱን በማውጣት በየተራ መሞከር ይቻላል። በነገራችን ላይ፣ ኮምፒውተር በባጃጅ ተጭኖ በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ሄዶ በደንብ ያልገባ ራም ይላቀቃል፣ ወይም በተቃራኒው ተላቅቆ የነበረው ሱቅ ውስጥ ሲነካካ ቦታውን ይይዛል፤ ስለዚህ «እኛ ጋ ሲበራ ይሠራል» የሚለው ቃል የጥገና ማረጋገጫ አይደለም። ሙቀትን በተመለከተ በበጋ የመንገድ አቧራ የፕሮሰሰሩን ፋንና ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚደፍን፣ ለዓመታት ያልተጸዳ ኮምፒውተር ለመጥፋት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። አቧራ ማጽዳትና ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) መቀየር ከቦርድ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም።

የከተማችንም ኤሌክትሪክ መረሳት የለበትም። ክረምት ሲገባና ነጎድጓድ ሲበዛ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ደህና ፓወር ሰፕላይ መስመሩ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ቢቋረጥ እንኳ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ያሳልፋል፤ ደካማው ግን አምፖሉ ገና ሳይደበዝዝ ይጠፋል። ርካሽ ስታቢላይዘር «ቀጭ» እያለ ደረጃ ሲቀይር ለቅጽበት መስመሩን ስለሚቆርጥ፣ ለመከላከያ የተገዛው ዕቃ ራሱ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ጎረቤት ብየዳ ሲጀመር ወይም ምጣድ ሲለኮስ ብቻ ከሆነ፣ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በዘመድ ቤት ሶኬት ሞክሩት። ሱቁ በጥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ላይ ሰክቶ ከሞከረው ምንም ችግር አያይም፤ ያኔ ነው ቦርዱ ወይም ዊንዶውሱ የሚከሰሰው።

ኮምፒውተሩን ለሱቅ ለመስጠት ከተገደዳችሁ፣ ከማስረከባችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ የቦርዱን፣ የራሙን፣ የሃርድ ዲስኩንና የፓወር ሰፕላዩን መለያ ቁጥሮች በግልጽ ፎቶ አንሱ፤ ባለሙያው እያየ ብታነሱት የበለጠ ጥሩ ነው። ቦርድ ይቀየር ከተባለ መጀመሪያ በሌላ ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ኮምፒውተሩ በሚጠፋበት በዚያው ሥራ ላይ ተሞክሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ማንኛውም የጥገና ሱቅ ለሙከራ የሚሆን ትርፍ ፓወር ሰፕላይ አያጣም። ይህን ለማድረግ የማይፈልግ ሱቅ ቦርዱ መቃጠሉን በምን እንዳወቀ ሊያስረዳችሁ አይችልም። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ የእናንተ ንብረት ነው፤ ዋጋ ይቀነሳል ቢባልም እንኳ አዲሱ ለበቂ ጊዜ ሠርቶ እስኪታይ ድረስ ከእጃችሁ አታውጡት።

ደረሰኝን በተመለከተ፣ ለእኅቴ የተሰጣት በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት «የኮምፒውተር ጥገና» ከማለት በቀር የቦርዱን ስምም ሆነ ቁጥር አይጠቅስም፤ በዚህ ወረቀት ምን ዕቃ እንደተሸጠላት እንኳ ማስረዳት አልቻለችም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ሱቁ በራሱ ፈቃድ ከዚህ የረዘመ ዋስትና ከሰጠ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ የዕቃው ስምና ሞዴል፣ መለያ ቁጥሩ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑና የዋስትናው ጊዜ እንዲሰፍር አድርጉ። ኮምፒውተሩን ቤት ካደረሳችሁ በኋላም በዚያው ሳምንት፣ ቀድሞ ያጠፋው በነበረው ሥራ ላይ ደጋግማችሁ ፈትኑት፤ በኢንተርኔትና በጽሑፍ ሥራ ብቻ እየተጠቀማችሁ 15ቱ ቀናት ካለፉ አቤቱታችሁን ይዛችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ብትሄዱም የምታቀርቡት ይቀንሳል።