የሃይድንና የሞዛርት ኳርቴት ኖታ ልትገዙ ነው? የትኛውን እትም?

ባለፈው ዓመት አራት ሆነን፣ ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ፣ የሃይድንን ኳርቴት ኦፐስ 33 ቁጥር 2 ልንለማመድ ተቀመጥን (ኦፐስ የሥራው መለያ ቁጥር ነው)። እኔ የምጫወተው ቪዮላ ነው። አንደኛ ቫዮሊን የምትጫወተው ልጅ ኖታዋን ከኢንተርኔት አትማ መጣች። ቼሊስቱ አዲስ ገዝቶ መጣ። እኔና ሁለተኛው ቫዮሊን ደግሞ ከድሮ አስተማሪያችን የወረስነውን ፎቶ ኮፒ ይዘናል። "ከፊደል ሲ እንጀምር" አለች፣ ኖታው ላይ ቦታ ለማመልከት የሚታተመውን ፊደል ማለቷ ነው። እኛ ጋ ፊደል የሚባል ነገር የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ቼሊስቱ ጋ ሲ አለ፣ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሃያ ደቂቃ ባር ስንቆጥር አለፈ። መጫወት ስንጀምር ደግሞ እሷ በአንድ ቀስት የምታስረውን እኛ አንድ በአንድ እንመታዋለን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት፦ የፈለጋችሁትን እትም ግዙ፣ ግን አራታችሁም አንድ ዓይነት ያዙ። የቀረው ምርጫ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ገበያው። ለሃይድን በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው የላይፕዚጉ አሳታሚ የፔተርስ የድሮ እትም ነው። አንድሬአስ ሞዘር የተባለ ቫዮሊኒስትና ሁጎ ዴኸርት የተባለ ቼሊስት ናቸው ያዘጋጁት። ሁለቱ የታወቁት ጥራዞች ብቻ 30 ኳርቴት ይዘዋል፤ በዋጋ ከሄድን ይህን የሚያህል የለም። ችግሩ ግን ሃይድን የጻፈውና አዘጋጆቹ የጨመሩት ተቀላቅሎ መታተሙ ነው። ስለሩ (ኖታዎችን በአንድ ቀስት የሚያስረው ቅስት መስመር) የማን ነው? ክሬሼንዶውስ (ድምፁ እየጎላ ይሂድ የሚለው ምልክት)? ገጹን እያያችሁ አትለዩትም። ሞዘር የታዋቂው ቫዮሊኒስት የዮሴፍ ዮአኪም ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ ኖታው ላይ የምታዩት በእነሱ ዘመን በርሊን ውስጥ ሃይድን እንዴት ይጫወት እንደነበር ነው። ይህ በራሱ ደስ ይላል። ሃይድንን ግን ለብቻው ማግኘት አትችሉም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ያው የኦፐስ 33 ቁጥር 2 ስኬርሶ ውስጥ ትሪዮ የሚባል ክፍል አለ። ሃይድን ራሱ ለአንደኛው ቫዮሊን የጣት ቁጥር ጽፏል፤ ጣቱ ሕብረቁምፊው ላይ እየተንሸራተተ እንዲወጣና እንዲወርድ፣ ልክ ትንሽ ሞቅ እንዳለው የሰፈር ቫዮሊኒስት። ቀልድ ነው። ከጊዜ በኋላ የመጡ ብዙ እትሞች ቁጥሮቹን አውጥተው ጣሏቸው፣ ምናልባት ነውር መስሏቸው። ቁጥሩ ሲጠፋ ቀልዱም ይጠፋል፤ የሚቀረው ጨዋ ዳንስ ብቻ ነው። ስለዚህ እትም ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ትሪዮ ክፈቱ። ሙከራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሮቹን የምታገኙት ኡርቴክስት በሚባሉት ውስጥ ነው። ኡርቴክስት ማለት አዘጋጁ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍና የመጀመሪያዎቹን ህትመቶች አመሳክሮ፣ የራሱን ጣልቃ ገብነት በቅንፍ ወይም በተቆራረጠ መስመር ለይቶ ያሳየበት እትም ነው። ለሃይድን የሙኒኩ ሄንሌ አለ፣ መሠረቱ የኮሎኙ የሃይድን ተቋም ሥራ ነው። የቪየናው ዶብሊንገር ደግሞ ባሬት ኤርስና ሮቢንስ ላንደን ያዘጋጁትን ያወጣል። ለሞዛርት ቤረንራይተርና ሄንሌ ይፎካከራሉ።

ታዲያ አንዱ ኡርቴክስት ከሌላው ለምን ይለያል? አንድ ዋና ጽሑፍ ብቻ ስለሌለ ነዋ! ሞዛርት ለሃይድን የሰጣቸውን ስድስት ኳርቴቶች ውሰዱ። የእጅ ጽሑፉ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ አለ። የመጀመሪያው ህትመት ደግሞ በ1785 ቪየና ውስጥ ከአርታሪያ ቤት ወጣ። ሁለቱ በድምፅ መጠን ምልክትም በፍጥነት ቃልም ቦታ ቦታ ላይ አይስማሙም። ሞዛርት ከህትመቱ በፊት ሐሳቡን ቀይሮ ነው ወይስ ህትመት ቤቱ ተሳስቶ? አዘጋጁ መወሰን አለበት፣ ሁለት አዘጋጅ ደግሞ ሁለት ውሳኔ አለው። ጥሩ እትም የምትሉት ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ የሚነግራችሁን ነው። መቅድሙን አንብቡት እባካችሁ፣ ገንዘብ የከፈላችሁበት እኮ እሱም ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሞዛርት ለአጭር ኖታ አንዳንዴ ነጥብ፣ አንዳንዴ ትንሽ ቀጥ ያለ ጭረት ያደርጋል። የድሮዎቹ እትሞች በአብዛኛው ሁሉንም ነጥብ አድርገውታል። ቤረንራይተር ለይቶ ያትማል። ለጀማሪ ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ቀስታችሁ ግን ወዲያው ይሰማዋል።

የኡርቴክስት መከራው ባዶነቱ ነው። የቀስት አቅጣጫ የለም፣ ደራሲው ራሱ ከጻፈው በቀር የጣት ቁጥር የለም፣ አራት ሰው እርሳስ ይዞ መጨቃጨቅ አለበት። በሳምንት አንዴ ለምትገናኙ ሰዎች የመጀመሪያው ሰዓት በዚያ ያልቃል። አስተማሪ ከሌላችሁና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርግ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሞዘር ምልክቶች ያድኗችኋል። ለቫዮሊን ሶናታ ሄንሌ ጥሩ መላ ዘይዷል፤ አንዱን የቫዮሊን ኖታ ምልክት አድርጎበት፣ ሌላውን ንጹህ አድርጎ ሁለቱንም አብሮ ይሰጣል። ለኳርቴትም እንዲህ ቢያደርጉ በወደድኩ።

ነጻውስ? አይ ኤም ኤስ ኤል ፒ በሚባለው የነጻ ኖታ ድረ ገጽ ላይ የፔተርሱን የድሮ ህትመት አገኛችሁ ማለት ነው፣ ከነጥሩ ጎኑ ከነችግሩ። ስካኑ ጠርዝ ላይ ሊቆረጥ ይችላል፣ ገጽ መገልበጫው ደግሞ እናንተ ባተማችሁበት ወረቀት ይወሰናል። የፔተርስ የሃይድን ስብስብ 83 ኳርቴት ይቆጥራል፤ ዛሬ የሃይድን ናቸው የሚባሉት 68 ናቸው። ኦፐስ 3 ላይ ያለችው ታዋቂዋ ሴሬናዳ ሳትቀር ሮማን ሆፍሽቴተር የሚባል መነኩሴ ሥራ ሳትሆን አትቀርም። ብትጫወቷት ግን ምንም አትሆኑም፣ ቆንጆ ናት። ለሞዛርት የተሻለ አለ፦ የሳልዝበርጉ የሞዛርት ተቋም ሞዛርቴዩም ከ2006 ጀምሮ የአዲሱን የሞዛርት ሙሉ እትም ስኮር (የሁሉንም መሣሪያ ክፍል አንድ ላይ የሚያሳየውን ኖታ) በኢንተርኔት ለግል ጥቅም በነጻ ለቋል። ስኮር ብቻ ነው፣ የየመሣሪያው ኖታ የለውም። ቢሆንም የገዛችሁትን ወይም ያተማችሁትን ለማመሳከር ከበቂ በላይ ነው። እኔ ስኮር መግዛት ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ዓይነት በሌላ መሣሪያ እንዲጫወቱት የተቀናበረው ነው። "ሃይድንን በሳክስፎን? ኧረ!" የሚል ሰው አይጠፋም። የዚያ ዘመን ሰዎች ግን እንዲህ አይጨነቁም ነበር። ቤቶቨን ራሱ ለሰባት መሣሪያ የጻፈውን ሴፕቴቱን፣ ኦፐስ 20ን፣ ለክላሪኔት ወይም ለቫዮሊን፣ ለቼሎና ለፒያኖ ቀይሮ ኦፐስ 38 አድርጎታል። የፒያኖ ሶናታውን ኦፐስ 14 ቁጥር 1ንም ወደ ኳርቴት ለውጦታል። ለውጡ በደንብ ይሠራ እንጂ ነውር የለውም።

ብዙ የሚገዛው ቪዮላን በሦስተኛ ቫዮሊን የሚተካው ነው፣ ምክንያቱም ቪዮሊስት ጠፍቶ ሰው ይቸገራል። (እኔ ስልኬ የሚጮኸው ለዚህ ነው።) ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን ክፈቱና ቼሎው የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጉ። ሃይድን እዚያ ጋ ባሱን፣ ማለትም የታችኛውን ድምፅ፣ ለቪዮላ ሊሰጥ ይችላል። የቪዮላ ወፍራሙ ሕብረቁምፊ እስከ ሲ ይወርዳል፣ ቫዮሊን ግን ጂ ላይ ያበቃለታል። ሰነፍ አቀናባሪ ኖታውን እንዳለ አንድ ኦክታቭ (ስምንት ድምፅ) ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ያኔ ባሱ ከሁለተኛው ቫዮሊን በላይ ይገባና ኮርዱ ተገልብጦ ይወጣል። ጎበዙ ግን መስመሩን ለቼሎው መልሶ፣ የቼሎውን እረፍት መሥዋዕት ያደርጋል። ለነፋስ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የቪዮላውን የማያቋርጥ ስምንተኛ ኖታ እዩ። ለአንድ ሰው ብቻ ከተሰጠ ምስኪኑ የት ይተንፍስ? ሁለት መሣሪያዎች እየተቀባበሉት ከሆነ ግዙት።

እኔ ብጠየቅ? ለዓመታት አብራችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ኦፐስ 33ን ወይም ኦፐስ 76ን ብቻ በኡርቴክስት ግዙ፣ ሙሉ ስብስብ አያስፈልግም። የቀረውን ከነጻው እያተማችሁ ቅመሱ፣ የወደዳችሁትን ኋላ ግዙ። ታብሌት ያለው ሰው ሄንሌን በመተግበሪያው መግዛት ይችላል፣ ገጽ በእግር ፔዳል ይገለበጣል። አገር ቤት ላላችሁ የካርዱና የፖስታው ጣጣ ይገባኛል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ኖታ ቀላል ዕቃ ነው። ብቻ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ ሻንጣው ግድግዳ በኩል ያስገባው በሉት፤ የእኔ አንዴ ከበርበሬ ጋር ታሽጎ መጥቶ እስከ ዛሬ ሜኑዌቱን ስከፍት ያስነጥሰኛል።