አኳሪየም ያላችሁ የጅማ ሰዎች፣ ይሄን ልጅ ያዙት!

ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ረዘም ቢልም ታገሱኝ፣ ብዙ ተቃጥዬ ነው።

ቁርስ ቤቴ ያለውን ትልቁን አኳሪየም፣ የአሳ ገንዳውን ማለቴ ነው፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ነው ያሠራው። ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃ ሲሞላ ታቹ ጨለመ። ከሥር የተከልናቸው ተክሎች ቢጫ እየሆኑ ረገፉ።

ባለሙያ ፍለጋው ያኔ ተጀመረ። ስም አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ የግቢ ፓውዛ ሰቀለልኝና «ጠዋት ማታ ይብራ» ብሎ ሄደ። ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ። ሌላው ቀይና ሐምራዊ የሚቀያይር መብራት ገጠመ፣ ደንበኛ ሲስቅብኝ ሰነበተ። አንዱ ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ። የእሱስ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በሰው ስልክ ስደውል ያነሳል፣ ድምፄን ሲሰማ ይዘጋል!

በመጨረሻ አንድ ደንበኛዬ መርካቶ በኩል ትንሽ የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቅ ያለውን ልጅ ጠቆመኝ። መጣና ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ጠየቀኝ። ቡና የፈለገ መስሎኝ ነበር። በክር አስሮ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ላይ ነጭ የነበረው መሃል ሲደርስ አረንጓዴ ሆነ፣ ታች ሲነካ ጭራሽ ደበዘዘ። «ማዘር፣ ብርሃኑ ወደ ጎን ይበተናል እንጂ ታች አይደርስም» አለኝ። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል፣ ጠልቆ የሚሄደው ሰማያዊው ነው አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የሌንስ ምናምን ነገር አልገባኝም፣ አልዋሻችሁም። ብቻ ሱቅ ድረስ አብሮኝ ሄዶ 6500 የሚል የተጻፈበት (እንደ ቀን ብርሃን ነጭ ነው ማለት ነው) ኤልኢዲ መብራት መረጠልኝ። ውዱን ሳይሆን የሚበቃኝን!

ሶኬቱን ሲያይ ግን ተቆጣ። ሽቦው ከገንዳው ቀጥ ብሎ ወደ ሶኬቱ ይወርድ ነበር። ጠብታ ሽቦውን ይዞ ይገባል አለ። ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠልና ውሃው ወለል ላይ እንዲንጠባጠብ አድርጎ አሰረው። ስንቱ ባለሙያ ነኝ ባይ አጠገቡ ቆሞ አላየውም! ልጆች እኮ እጃቸውን ከተው ይጫወቱበታል።

ከሁሉም ልቤን የነካው ታይመሩ ነው፣ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ብቻ ይብራ፣ ከበዛ አልጌ፣ ያ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር፣ ይመጣል አለ። ታይመሩ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቁጭ ብሎ ፕላስተር ቆራርጦ 12 ላይ 6፣ 20 ላይ 2 ብሎ በእኛ ሰዓት ጻፈልኝ። ማን እንዲህ ያደርጋል? መብራት ሲጠፋ ታይመሩም አብሮ ይቆማል፣ የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰዓቱ ሲዛባብኝ ደወልኩለት። በዚያ ዝናብ መጥቶ ልጄን አዟዟሩን አሳያት። ብር ብሰጠው እምቢ አለ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ባለቤቴ ደግሞ እንደ ቀይ ባሕር ኮራል (ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ) እናስገባ ብሎት ነበር። ሌላው ቢሆን እሺ ብሎ ቀብዱን ይቀበል ነበር። እሱ ግን «ኮራል ጨዋማ ውሃ ይፈልጋል፣ ውስጡ የሚኖረው አልጌም በብርሃን ምግብ እየሠራ ነው ኮራሉን የሚመግበው። እንደዚያ ያለ መብራት ገጥሜ አላውቅም» አለው፣ ፊት ለፊት። እኔ ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ያኔ ነው።

አሁን ተክሎቹ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፣ አሳዎቹም ታች ድረስ ይታያሉ። ፈጣሪ ይስጥልኝ፣ እጁ ይባረክ! ሆቴልና ካፌ ያላችሁ፣ እባካችሁ እንደኔ ሳትንከራተቱ እሱን ጥሩት። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከሰዓት በኋላ ደውሉለት፣ ጠዋት ሥራ ላይ ስለሆነ አያነሳም።